ጋሼ የቆጠሯት ወፍ፦ ስለ ሁለት ነፃ የወፍ ቆጠራ አገልግሎቶች

ከሥራዬ ልነሣ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በበጀት ዓመቱ መዝጊያ መጋዘን ገብቼ ንብረት አስቆጥራለሁ። አምና መደርደሪያው ብቻ፣ ዘንድሮ ደግሞ ወለሉ ጭምር ተቆጥሮ «ዕቃ ጨምሯል» የሚል ሪፖርት ከመጣልኝ እመልሰዋለሁ። ስንት አለ ከሚለው በፊት እንዴት ተቆጠረ የሚለውን ነው የማየው።

ይኼ ልማድ ወፍ ላይ እንደሚያገለግለኝ ግን አላሰብኩም ነበር።

ወፏ ዉድ ትራሽ ትባላለች። ጀርባዋ የቀረፋ ቀለም አለው። ደረቷ ነጭ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ ደኖች ትራባለች። ብርዱ ሳይመጣ ተነሥታ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ፓናማ ወዳሉት ደኖች ትወርዳለች። በጸደይ ትመለሳለች። ወንዱ ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ያዜማል። ድምፁ ዋሽንት ነው የሚመስለው። የድምፅ ማውጫ አካሉ ሁለት ጎን ስላለው በአንድ ጊዜ ሁለት ድምፅ ያወጣል። ራሱን በራሱ ያጅባል ማለት ነው። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም። እኔም አልረሳሁትም።

ታዲያ ሰው ሁሉ «ዉድ ትራሽ እያለቀች ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ከቤቴ ጀርባ ካለው ጫካ በሰኔ በየማለዳው እሰማታለሁ። ማንን ልመን? ይኼን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህች ጥያቄ መልስ ፍለጋ የተጠቀምኩባቸውን ሁለት አገልግሎቶች ለመገምገም ነው። ሁለቱም ክፍያ የላቸውም።

መጀመሪያ ግን የት እንደተሳሳትኩ ልናገር። ስሙን የማልጠራው አንድ ድረ ገጽ አለ። የወፏን ስም ስጽፍ የሚያምር ግራፍ አወጣልኝ። መስመሩ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ይወጣል። «ይኸው! እየጨመረች ነው» ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁ። ከሳምንታት በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ግራፉ የሚያሳየው ስንት ሰው «አየሁ» ብሎ እንዳስገባ ነው። ስልክ የያዘ ተመልካች በበዛ ቁጥር መስመሩ ይወጣል። ወፎቹ በግማሽ ቢቀንሱ እንኳን ተመልካቹ በአሥር እጥፍ ከጨመረ መስመሩ መውጣቱን አያቆምም። ይህን የሚገልጽ አንዲት የግርጌ ማስታወሻ እንኳን አልነበረም። በጣም ተናድጄ ነበር። ሰው አምኖ የሚያየውን ነገር እንዲህ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይደለም።

ወደ መጀመሪያው አገልግሎት ልግባ።

በእንግሊዝኛ ስሙ ብሪዲንግ በርድ ሰርቬይ ነው፤ ሲያጥር ቢቢኤስ። የመራቢያ ወቅት የወፍ ቆጠራ ልንለው እንችላለን። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በሜሪላንድ፣ ፓተክሰንት ካለው የምርምር ማዕከሉ ያስተባብረዋል። የካናዳ መንግሥትም አብሮ ይሠራል። የጀመረው ቻንድለር ሮቢንስ የተባለ የወፍ ተመራማሪ ነው፤ በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዲዲቲን የመሰሉ የተባይ ማጥፊያዎች ወፎችን እየፈጁ ነው የሚል ሥጋት የነበረበት ዘመን ነው። ሥጋት ነበረ፤ መላውን አህጉር የሚያሳይ ቁጥር ግን አልነበረም። ሮቢንስ ያንን ቁጥር የሚሰጥ ዘዴ ነደፈ። ይኸው ሰው በ1956 ዊዝደም የተባለችውን አልባትሮስ የተሰኘ የባሕር ወፍ እግር ላይ ቀለበት ያሰረ ነው። እሱ በ2017 በ98 ዓመቱ ሲያርፍ እሷ ገና እየበረረች ነበር።

ዘዴው ቀላል ነው። ቀላልነቱ ነው ኃይሉ። አንድ መስመር 39 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። 50 ማቆሚያዎች አሉት፤ በየ800 ሜትሩ አንድ። በእያንዳንዱ ማቆሚያ 3 ደቂቃ ብቻ ትቆማላችሁ። በ400 ሜትር ዙሪያ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ወፍ ሁሉ ትቆጥራላችሁ። ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ትጀምራላችሁ። በዓመት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰኔ። የወፍ ድምፅ በስልክ አጫውቶ መጥራት ክልክል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያው መንገድ፣ ያው ማቆሚያ፣ ያው 3 ደቂቃ። በአሜሪካና በካናዳ እንዲህ ዓይነት ከ4 ሺህ በላይ መስመሮች አሉ።

ይኼን ሳነብ ደስ አለኝ። ዕቃ ቆጣሪ የሚያልመው ነገር ነው።

ከማንበብ አልፌ ገባሁበት። ጋሼ የምላቸው ሰው አሉ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ከ20 ዓመት በላይ አንድ መስመር ሲቆጥሩ ኖረዋል። በጨለማ መንዳት ሲከብዳቸው ረዳት ፈለጉ። «አንቺ ንጂ፣ አንቺ ጻፊ። ጆሮው የእኔ ነው» አሉኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መጀመሪያው ማቆሚያ ደረስን። ገና ጨለማ ነው። መኪናውን አጠፋሁ። «ሰዓት ያዢ» አሉኝ። ከዚያ ዝም። ሦስት ደቂቃ እንዲህ እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። በጣታቸው እያመለከቱ፣ በሹክሹክታ ስም እየጠሩ፣ እኔ መስመር እያሰመርኩ። «ዉድ ትራሽ፣ ሁለት። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ።» የነፋሱን ጥንካሬ፣ የሰማዩን ሁኔታ፣ የሙቀቱን ልክ በመጀመሪያና በመጨረሻ መዘገብን። ሃምሳውን ስንጨርስ ከጀመርን አምስት ሰዓት ሊሞላን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጀርባዬ ደነዘዘ። ደስታው ግን ሌላ ነው።

አንድ ሕግ መጀመሪያ ላይ ገርሞኝ ነበር። የሚቆጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ረዳት የሰማው ወፍ አይጻፍም። ተመልካቹ ካልሰማው አልተቆጠረም። ግትርነት መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አስቡት። አንድ ዓመት በአራት ጆሮ፣ ሌላ ዓመት በሁለት ጆሮ ከተቆጠረ ልዩነቱ የወፎቹ ሳይሆን የጆሮዎቹ ይሆናል።

በሦስተኛው ዓመት አብረን ስንሄድ ማቆሚያ 31 ላይ አንድ ነገር ሆነ። ከበላያችን ዛፍ ላይ ሴዳር ዋክስዊንግ የተባሉ ወፎች መንጋ ነበር። ድምፃቸው እንደ መርፌ የቀጠነ ነው። እኔ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው ጸጥ ብለዋል። ሦስት ደቂቃው አለቀ። አልጠሯቸውም። እኔም አልጻፍኩም። ቆጠራው እስኪያልቅ ምንም አልተነፈስኩም። ሲያልቅ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ባለፈው ዓመትስ ስንቱን አልፌው ይሆን?» አሉ። በዚያው ሳምንት ለአስተባባሪው ጽፈው መስመሩን መለሱ። ማንም አላስገደዳቸውም። ቀጫጭኑ ድምፅ ነው በዕድሜ መጀመሪያ ከጆሮ የሚጠፋው። ጆሮ ሲደክም ወፍ የቀነሰ ይመስላል። እሳቸው የራሳቸው ጆሮ የወፏን ታሪክ እንዲያበላሽ አልፈለጉም። እኔ እንዲህ ዓይነት ታማኝነት በሒሳብ ሥራ ብዙ አላየሁም።

አሁን ውጤቱን ልንገራችሁ። ቢቢኤስ ከ1966 እስከ 2019 ዉድ ትራሽ በዓመት በአማካይ 1.3 በመቶ ያህል እንደቀነሰች ያሳያል። 1.3 በመቶ ስትሰሙ ምንም አይመስልም። ከ1000 ወፍ 13 መቀነስ ነው። በዓመት ውስጥ ማንም ጆሮ አይለየውም። ግን አስሉት። በ53 ዓመት ተደራርቦ ግማሽ ያህሉ ሄዷል። ባንክ ውስጥ ያለው ወለድ ሲደራረብ እንደሚያድገው ይኼም ሲደራረብ ያልቃል። ለጥያቄዬ የመጀመሪያው መልስ እዚህ ነው። እኔ በየማለዳው የምሰማው ከተረፈው ግማሽ ውስጥ ነው። ሌላው ግማሽ የጠፋው እኔ ማዳመጥ ከመጀመሬ በፊት ነው። ይህን የሚነግረኝ ከ1966 ጀምሮ በአንድ ዓይነት መንገድ የቆጠረ ሰው ብቻ ነው።

የውጤት ገጹን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ሐቀኛ ስለሆነ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ዝቅተኛውና ከፍተኛው ግምት አለ። የመረጃው ጥራት ደግሞ በቀለም ተለይቷል። ሰማያዊ ከሆነ በደህና መረጃ ላይ የቆመ ነው። ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቁ። ቀይ ከሆነ መስመሮቹ ወይም ወፎቹ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ብዙ አትመኑት። ለተቆጣጣሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል?

ተመልካች ሲቀየርም ስሌቱ ግምት ውስጥ ያስገባዋል። እያንዳንዱ ተመልካች መለያ ቁጥር አለው። አዲስ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ብዙውን ጊዜ አሳንሶ ስለሚቆጥር ያ ዓመት ለብቻው ይታያል። ይኼን ያሰበ ሰው ይባረክ።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ሁሉም መስመር መንገድ ዳር ነው። መንገድ የሌለበት የሰሜኑ ሰፊ ደን በደንብ አይቆጠርም። በሌሊት የሚንቀሳቀሱ ወፎችም እንዲሁ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ቆጠራው ተሰርዟል፤ ያ ዓመት ባዶ ነው። ስለ መንስኤም ብዙ አይነግራችሁም። ወፏ ቀነሰች ይላል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ የለውም።

ከሁሉም የከበደኝ ጥሬ መረጃውን መጠቀም ነው። ማውረድ ነፃ ነው። ማንበቡ ግን ፈተና ነው። ወፎቹ በስም ሳይሆን በኮድ ነው የተቀመጡት። የዝርያዎች ዝርዝሩ ላይ ዉድ ትራሽ 07550 ናት። ሰንጠረዥ የምሠራበት ፕሮግራም የፊቷን ዜሮ ቆርጦ ስለጣለብኝ አንድ ሙሉ ምሽት ሳፈላልጋት አመሸሁ። ሌላም አለ። ወፏ ያልተሰማችበት ቆጠራ ላይ ዜሮ አይጻፍም፤ በሰንጠረዡ ውስጥ ጭራሽ ረድፍ የላትም። ዜሮውን ራሳችሁ ከተካሄዱት ቆጠራዎች ዝርዝር ላይ ማምጣት አለባችሁ። ይህን ካላደረጋችሁ አማካዩ ወፏ የተገኘችባቸው ቦታዎች ብቻ አማካይ ይሆንና ያብጣል። እንዲሁም ደረጃውን ያሟላ ቆጠራ በ1 ቁጥር ተለይቷል፤ ሌላውን አውጡት። ይህን የሚመራ ቀላል ማብራሪያ ለተራ ሰው ቢዘጋጅ እንዴት ጥሩ ነበር! ሥራዬ ቁጥር ሆኖ እኔን ያስቸገረ ነገር ሌላውን ያባርረዋል። ካልቸገራችሁ በስተቀር ጥሬውን ትታችሁ የተተነተነውን ገጽ ተጠቀሙ።

ሁለተኛው ኢበርድ ነው። በ2002 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ላብራቶሪና አውዱቦን የተባለው የወፍ ጥበቃ ማኅበር የጀመሩት ነው። ይኼን ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ ሳይኖራችሁ አይቀርም። የትም ሆናችሁ፣ መቼም ይሁን፣ ያያችሁትን ታስገባላችሁ።

«ታዲያ ይኼ ካናደደሽ ግራፍ በምን ተለየ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የተለየው በሚጠይቀው ነገር ነው። ስንት ሰዓት ጀመርሽ? ስንት ደቂቃ ቆየሽ? ምን ያህል ርቀት ሄድሽ? መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለ፤ መለየት የቻልሽውን ወፍ በሙሉ ነው ያስገባሽው? «አዎ» ካላችሁ ያላስገባችሁት ወፍ «አልተገኘም» ተብሎ ይወሰዳል። ዜሮው በዚህ መንገድ ይመዘገባል። በዚህች ጥያቄ ላይ አትዋሹ፤ የመረጃው ዋጋ እሷ ላይ ነው ያለው። ቁጥርም ጻፉ። እኔ ለረጅም ጊዜ «ነበረ» ለማለት ኤክስ ብቻ አደርግ ነበር። አሁን ስንት እንደሆኑ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

ከዚህ ሁሉ መረጃ የተሠራው የአዝማሚያ ካርታ ነው የእኔን ጥያቄ ሁለተኛ አጋማሽ የመለሰልኝ። ካርታው አህጉሩን 27 ኪሎ ሜትር በ27 ኪሎ ሜትር ከፋፍሎ በየቦታው ነጥብ ያስቀምጣል። ቀይ ከሆነ ወፏ ቀንሳለች። ሰማያዊ ከሆነ ጨምራለች። ነጭ ከሆነ መረጃው ይህን ወይም ያን ለማለት አይበቃም። ትልቅ ነጥብ ብዙ ወፍ ያለበት ቦታ ነው። የተመልካቹን ልምድና የቆየበትን ጊዜ ካርታው የተሠራበት የስሌት ሞዴል ለማስተካከል ይሞክራል። ቢቢኤስ በክፍለ ግዛት ደረጃ የሚነግረኝን ይኼ ወደ ሰፈሬ አውርዶ ያሳየኛል። እኔ ያለሁበት ነጥብ ነጭ ነው። መጀመሪያ ቅር አለኝ። አሁን ሳስበው ትክክለኛው መልስ ነው። የእኔ ጫካ ብቻውን ስለ ወፏ ዕጣ የሚነግረኝ ነገር የለም።

በዚህ መረጃ ላይ የተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት በ2025 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። 495 የሰሜን አሜሪካ የወፍ ዝርያዎችን ተመልክቶ ከአራቱ ሦስቱ እየቀነሱ መሆናቸውን አገኘ። ሁለት ነገር አስደነቀኝ። ቅናሹ የበረታው ወፎቹ በብዛት በሚገኙበት ቦታ ነው። ደግሞም ከሞላ ጎደል ሁሉም ዝርያዎች የሚጨምሩበትም የሚቀንሱበትም ቦታ አላቸው። «ከቤቴ ጀርባ እሰማታለሁ» እና «እያለቀች ነው» አብረው እውነት መሆን ይችላሉ ማለት ነው።

ድክመቱ ዕድሜው ነው። የአዝማሚያ ካርታው የሚሸፍነው አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆን ነው። ስለ 1966 ጠይቁት፤ አያውቅም። ሰዎች የሚሄዱት ደግሞ ደስ ወደሚላቸው ቦታ ነው፤ መናፈሻና ሐይቅ ዳር ይበዛል። ሞዴሉ ይህን ለማረም ቢጥርም ሰው ያልረገጠውን ቦታ ከምንም ተነሥቶ ሊያውቅ አይችልም። ዝርዝር ቁጥሮቹን ማውረድ የሚፈልግ ሰው አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ ትንሽ ማወቅ ይኖርበታል፤ ካርታውን ለማየት ግን ምንም አያስፈልግም።

መንስኤ የምትፈልጉ ከሆነ ከሁለቱም ውጭ ሂዱ። ከ1989 ጀምሮ በመረብ ወፍ እየያዙ ቀለበት እያሰሩ ስንት ጫጩት እንደተወለደና ስንት አዋቂ እንደተረፈ የሚከታተል ማፕስ የተባለ ፕሮግራም አለ። በ2007 ደግሞ ብሪጅት ስታችበሪ የተባለች ተመራማሪ በፔንሲልቬንያ ዉድ ትራሾች ጀርባ ላይ ብርሃን መዝጋቢ ትንንሽ መሣሪያ አሰረች። ፀሐይ የወጣችበትና የገባችበት ሰዓት ወፏ የት እንደነበረች ይናገራል። የተመለሱት ወፎች ብርዱን ሆንዱራስና ኒካራጓ አሳልፈዋል። በጸደይ ሲመለሱ በመከር ከሄዱበት በብዙ እጥፍ ፈጥነው ነው የበረሩት። የዚህች ወፍ ችግር በሁለት ቦታ ነው። በላይ፣ በምትራባበት በሰሜኑ፣ ደኑ ሲቆራረጥ ካውበርድ የተባለው ወፍ ገብቶ በጎጆዋ ዕንቁላሉን ይጥልባታል፤ አሲድ የቀላቀለ ዝናብም ከአፈሩ ካልሲየም ያጥባል። በታች፣ በደቡቡ ደግሞ ብርዱን የምታሳልፍበት ደን ይመነጠራል። ቆጣሪው አንድ ጫፍ ላይ ቆሞ ነው የሚቆጥረው።

ደረጃ ልስጥ። ለረጅም ጊዜ አዝማሚያ ቢቢኤስ ከ5 ኮከብ 5፤ ለጥሬ መረጃው አጠቃቀም 2። ኢበርድ «የት?» ለሚል ጥያቄ 5፣ «ከመቼ ጀምሮ?» ለሚል 2። ጊዜ የሌለው ሰው ኢበርድ ይጀምር። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ቦታ፣ ለተመሳሳይ ደቂቃ ቢቆጥር ለራሱም የምታወዳድር መዝገብ ትኖረዋለች። ቢቢኤስ ግን የአካባቢውን ወፎች በድምፅ መለየት ይጠይቃል። አዲስ ሰው በኢንተርኔት የሚሰጠውን የዘዴ ሥልጠናም መጨረስ አለበት። ቀላል አይደለም፤ እኔ ድምፆቹን ለመያዝ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል።

የጋሼ መስመር ክፍት ነበር። ጠየቅሁ፤ ተሰጠኝ። ዘንድሮ የቆጠርኩት በራሴ ጆሮ ነው። ጋሼ አብረውኝ መጡ። በዚህ ዙር ጸሐፊው እሳቸው ናቸው። ማቆሚያ 17 ላይ ሁልጊዜ ዉድ ትራሽ የሚጠሩበት ቦታ ነው። ሦስት ደቂቃ አዳመጥኩ። ምንም አልሰማሁም። ዞር ብዬ ሳያቸው እስክሪብቶአቸውን ይዘው ወረቀቱ ላይ አቀርቅረዋል። እሳቸው ሰምተው ይሁን አልጠየቅኋቸውም። ወደሚቀጥለው ነዳሁ። ቤት ገብቼ መረጃውን ሳስገባ ከመስመሩ ቁጥር ቀጥሎ የተመልካች መለያ ቁጥር ጠየቀኝ። ከ20 ዓመት በላይ የቆየው የእሳቸው ቁጥር ቀርቶ የእኔን አዲሱን ጻፍኩ።